አንድ ከፕ ዱቄት 250 ግራም አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰላም እትዬ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ቤቴ ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ ለሰፈር ሰው እሸጣለሁ። ከዩቲዩብ ያገኘሁት አሠራር 3 ከፕ ዱቄት፣ 2 ከፕ ስኳር፣ 1 ከፕ ቅቤ፣ 1 ከፕ ወተት፣ 4 እንቁላልና 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። አንድ ከፕ 250 ግራም ነው ስለተባልኩ ሁሉንም በዚያ አባዝቼ በሱቅ ሚዛን አስመዘንኩ። ኬኩ ደርቆ ቢላ እምቢ አለው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ግን ከዓረብ ሀገር ይዛው በመጣችው መለኪያ እየሰፈረች ያንኑ ትጋግራለች። የእሷ ቆንጆ ሆኖ ነው የሚወጣው። አየሩ ነው ወይስ ዱቄቱ? የኒካህ ኬክ ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ ጭንቅ ላይ ነኝ።»

ምላሽ፦ አብሽሪ እህት ዓለም። ዱቄቱም ደህና ነው፣ ምድጃሽም ደህና ነው። አየሩ የራሱ ድርሻ አለው፤ እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ። ጉድ የሠራሽ ያ 250 የሚሉት ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከሜዳ አልመጣም። ከፕ የሚለካው የሚይዘውን ቦታ ነው እንጂ ክብደትን አይደለም። በአንዳንድ አገር 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ውሃ ደግሞ 1 ሚሊው 1 ግራም ስለሚመዝን፣ 250 ሚሊ ውሃ 250 ግራም ይሆናል። ለውሃ ልክ ነው። ለወተትም ያስኬዳል፤ ከውሃ የሚከብደው በጥቂቱ ነው። ዱቄት ላይ ሲደርስ ግን ነገር ይበላሻል። ዱቄት መሃሉ አየር ነው። ከፕ ሙሉ ዱቄት ስትሰፍሪ ግማሽ ያህሉ አየር እንደሆነ ቁጠሪው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 240 ሚሊ በሚይዝ ከፕ፣ ሳይጠቀጠቅ ተሞልቶ አፉ የተጠረገ የስንዴ ዱቄት ከ120 እስከ 125 ግራም ይመዝናል። ሦስት ከፕ ማለት ከ360 እስከ 375 ግራም ነው። አንቺ 750 አስመዘንሽ። ስኳር በከፕ 200 ግራም ስለሆነ ሁለቱ 400 ነው፤ አንቺ 500 አደረግሽው። ቅቤ 227 ግራም አካባቢ ነው፤ አንቺ 250። ወተቱ 245 ግራም ቢሆን ነው፤ እሱም 250። እንግዲህ እይው። ወተቱ ልክ ነው። ቅቤው በአንድ አስረኛ ያህል በለጠ። ስኳሩ በሩብ በለጠ። ዱቄቱ እጥፍ ሆነ። ለኬክ ብለሽ የብስኩት ሊጥ ነው ያቦካሽው።

እህትሽ የምትሰፍረው በከፕ ስለሆነ ይሄ ጣጣ አልደረሰባትም። አሠራሩን የጻፈው ሰውም በከፕ ነው የሰፈረው። መለኪያዋን ገልብጠሽ እጀታውን ወይም ቂጡን እይው፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሚሊ ተቀርጾበታል። ይሄን የምልሽ ከፕ ራሱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። የአሜሪካኖቹ 237 ሚሊ ነው፤ ለአያያዝ እንዲመች 240 ይሉታል። የአውስትራሊያና የካናዳ 250 ነው። የጃፓን 200 ነው። ከሩዝ ማብሰያ ማሽን ጋር የሚመጣው ትንሹ ኩባያ ደግሞ 180 ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን እንደ ከፕ ይዞት ይሳሳታል። የሾርባ ማንኪያም 15 ሚሊ ነው፤ የአውስትራሊያ ሲሆን 20 ይደርሳል። ቪዲዮውን የሠራችው ሴትዮ የየት አገር ሰው እንደሆነች ማየት ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ራስሽ ኩሽና እንምጣ። መጀመሪያ የምትሰፍሪበት ብርጭቆ ስንት ሚሊ እንደሚይዝ እወቂ። ቤት ውስጥ የሕፃን ጡጦ ካለ ተገላገልሽ፤ ጎኑ ላይ ሚሊው ተጽፏል። ከሌለ ገና ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግዢ። ያልተከፈተ ያልኩሽ በምክንያት ነው። 500 ሚሊ የሚባለው ፋብሪካው የሞላው ውሃ ነው፤ ከላይ አንገቱ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ባዶውን ሃይላንድ ከቧንቧ እስከ አፉ ከሞላሽው ከ500 ይበልጣል። ከአዲሱ ሃይላንድ ብርጭቆሽን ሁለት ጊዜ ሞልተሽ ትንሽ ጉርሻ ከተረፈ፣ ብርጭቆሽ 240 አካባቢ ነው። ልክ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ካለቀ 250 ነው። ሦስት ጊዜ ከሞላ የሻይ ብርጭቆ ነው የያዝሽው፤ አስቀምጪውና ሌላ ፈልጊ።

ከዚያ ዱቄቱ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ ስሚኝ፤ የኬክ ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ያው ከፕ፣ ያው ዱቄት፣ እንደ አሰፋፈርሽ ክብደቱ ይለያያል። ከፕውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተሽ ዝቀሽ ካወጣሽው ዱቄቱ ይጠቀጠቃል፤ 140፣ 150 ግራም ይገባል። ሞልተሽ ጠረጴዛ ላይ ካንኳኳሽው ደግሞ ይሰምጥና ሌላ ቦታ ይፈጥራል፤ በዚያ ላይ ስትጨምሪበት ከዚህም ያልፋል። ነፍተሽ በቀስታ ካፈሰስሽው ግን ከ120 በታች ሊወርድ ይችላል። በሦስት ከፕ ላይ ይሄ ልዩነት ሲደመር ወደ 100 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዱቄቱን መጀመሪያ በማንኪያ አነቃንቀሽ አላልተሽ አንሺው። በማንኪያ እየጨለፍሽ ከፕው ውስጥ ጣል ጣል አድርጊ፤ እስኪቆለል። አትጫኚው፣ አታንኳኪው። ከዚያ በቢላ ጀርባ አፉን ጥረጊው። በቃ።

ይሄን ካወቅሽ በኋላ ከኢንተርኔት የሚገኘውን ሰንጠረዥ ሁሉ ማመን አይጠበቅብሽም። የራስሽን ትሠሪያለሽ። 1 ኪሎ ዱቄት አስመዝነሽ ግዢ። ቤት ወስደሽ አሁን ባልኩሽ አኳኋን በራስሽ ብርጭቆ ስፈሪው፣ እየቆጠርሽ። 8 ብርጭቆ ከወጣው አንዱ 125 ግራም ነው። 7 ከወጣው ወደ 143 ነው። አንድ ብርጭቆ ብቻ ሰፍሮ ከማስመዘን ይሄ ይሻላል፤ በአንዱ ላይ የተሳሳትሽው በሌላው ይካካሳል። ስኳሩንም፣ ሩዙንም፣ ምስሩንም እንዲሁ። ወረቀት ላይ ጽፈሽ የቁምሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፊው። የዱቄት ዓይነት ስትቀይሪ ብቻ እንደገና ትሰፍሪያለሽ፤ የፉርኖ ዱቄትና ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴ አንድ አይደሉም።

ሚዛን ከሌለሽና ባለሱቁን ማስቸገር ከሰለቸሽ፣ በልብስ መስቀያ ትመዝኛለሽ። አትሳቂ፣ ይሠራል። ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነ መስቀያ ሚስማር ላይ በነጻነት እንዲወዛወዝ አድርገሽ አንጠልጥዪ። በሁለቱ ጫፍ ሁለት እኩል ፌስታል እሰሪ። በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ባዶ ሃይላንድ ክተቺ። ባዶውን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ካዘነበለ ቀለል ባለው በኩል ወረቀት ቢጤ ጨምረሽ አስተካክዪው። አሁን በአንደኛው ሃይላንድ ውስጥ በጡጦው ለክተሽ 360 ሚሊ ውሃ ጨምሪና ክደኚው። በሌላኛው ፌስታል ዱቄት ጨምሪ፤ መስቀያው ተመልሶ ቀጥ እስኪል። የገባው ዱቄት 360 ግራም ነው። ለ400 ግራም ስኳር 400 ሚሊ ውሃ። ውሃው ነው የሚዛን ድንጋይሽ። በዚህ ዘዴ አንድ ሁለት ማንኪያ ልትስቺ ትችያለሽ፤ እጥፍ ግን በፍጹም አትስቺም።

ሥራው እየሰፋ ከሄደ ግን ትንሿን የኤሌክትሮኒክስ የኩሽና ሚዛን ግዢ። ትእዛዝ ለሚቀበል ሰው ከማንኛውም የኬክ ጌጥ በፊት መገዛት ያለባት እሷ ነች። ስትገዢ በ1 ግራም የምትቆጥር መሆኗን እይ። ጎድጓዳ ሳህኑን አስቀምጠሽ ወደ ዜሮ የምትመልሽበት ቁልፍ አላት፤ ዱቄቱን ጨምረሽ እንደገና ዜሮ፣ ስኳሩን ጨምረሽ እንደገና ዜሮ። የሚታጠብ ብርጭቆ የለም። እኔ ስጋግር ከፕ አልነካም ብል ውሸት አይደለም።

ትንንሾቹ ነገሮች ላይ ግን ተቃራኒው ይሻላል። ቤኪንግ ፓውደር፣ እርሾ፣ ጨው በማንኪያ ይሁኑ። ርካሽ ሚዛን 3 ግራም ላይ ሲደርስ ይዋሻል፤ የሱቅ ሚዛን ጭራሽ አያየውም። የሻይ ማንኪያ በአሠራር ውስጥ 5 ሚሊ ማለት ነው። ሻይ የምናማስልበት ማንኪያ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዳንዱ 3 ሚሊም አይሞላም። ከፋርማሲ የ5 ሚሊ ሲሪንጅ ገዝተሽ መርፌውን ጥለሽ ማንኪያሽን በውሃ ሞክሪው። የልጆች ሽሮፕ ጋር የሚመጣው መለኪያ ማንኪያ ካለሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ነው፤ አጥበሽ ያዢው። አፉ በተጠረገ በዚህ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ከ4 እስከ 5 ግራም፣ ደረቅ እርሾ 3 ግራም፣ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ይሆናል። አሞሌ ወቅጠሽ ወይም ሻካራ ጨው ከተጠቀምሽ ያነሰ ነው የሚገባው፤ በፍሬው መሃል ክፍተት አለ።

ሌሎቹን በሩጫ ልንገርሽ፤ ሁሉም በ240 ሚሊ ነው። ዘይት 220 ግራም ገደማ። ማር 340። የዱቄት ስኳር 120 አካባቢ፤ ከተራው ስኳር በጣም ይቀላል፣ ለዚህ ነው አንዱን በሌላው በከፕ መተካት የማይቻለው። ኮኮዋ 85 አካባቢ። ሩዝና ምስር ከ185 እስከ 200። አሠራሩ በአውንስ ከሆነ 1 አውንስ 28 ግራም ነው፤ ፓውንድ ካለ 454። «አንድ ስቲክ ቅቤ» ካሉሽ 113 ግራም ነው። ለበርበሬና ለሽሮ ቁጥር አልሰጥሽም። ትኩስ የተፈጨና ከርሞ የተቀመጠ አንድ አይሰፈርም፤ በኪሎ ያዢው።

ማርና ዘይት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ባለ 5 ሊትር ዘይት ሚዛን ላይ ቢወጣ ዘይቱ ብቻ 4.6 ኪሎ አካባቢ ነው። ጎድሏል ብለሽ ከነጋዴ ጋር አትጣዪ፤ ዘይት ከውሃ ይቀላል። ማር ተቃራኒው ነው። 1 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ሙሉ ማር 1.4 ኪሎ ይሆናል። በሊትር ዕቃ ሰፍሮ በኪሎ ሂሳብ የሚሸጥልሽ ካለ፣ ደንበኛ አድርጊው።

ቅቤ ላይ ግን እንቁም። አሠራሩ የሚለው ቅቤ የታሸገውን የገበታ ቅቤ ነው። እሱ 80 በመቶ ያህሉ ስብ ነው፤ የቀረው በብዛት ውሃ ነው። ያነጠርሽው ቅቤ ግን ውሃው ወጥቶለታል፤ ሙሉ በሙሉ ስብ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ 227 ግራም የገበታ ቅቤ ሲባል፣ ንጥሩ 180 ግራም ይበቃል። የጎደለውን ውሃ ለመተካት 40 ሚሊ ያህል ወተት ጨምሪበት። በቅመም የነጠረውን ለኬክ አታምጪብኝ፤ ኮረሪማ የሚሸት የኒካህ ኬክ እንግዳው እንዴት እንደሚቀበለው አላውቅም። ለጋ ቅቤ ከገበያ ከገዛሽ የውሃው መጠን ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፤ ለትእዛዝ ኬክ ባትጠቀሚበት ይሻላል።

እንቁላሉንም እንዳትረሺ። የውጭ አሠራር አንድ እንቁላል ሲል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ያህል ማለቱ ነው። አራቱ 200 ግራም ናቸው። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ይቀራረባል። የሐበሻ እንቁላል ግን ትንሽ ነው፤ አራት ብለሽ አራት ከሰበርሽ ኬኩ ይጎድለዋል። ሰብረሽ ምታውና በጡጦው ለኪው። የተመታ እንቁላል አረፋው ሲተኛ 1 ሚሊው ከ1 ግራም ብዙም አይርቅም። 200 እስኪሞላ ጨምሪ፤ አምስትም ይሁን ስድስት።

አሁን አየሩ። ጥርጣሬሽ መሠረት አለው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትገቢ 2,500 ሜትር ገደማ ደርሰሻል። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ዲግሪ ሲፈላ፣ ደሴ ላይ ወደ 92 ነው የሚፈላው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይነፋል። ኬኩ ሳይጠነክር ቶሎ ይነሳና መሃሉ ይሰምጣል። ውሃውም ቶሎ ይተናል። ይሄ ግን መስመጥና መድረቅ ያመጣል እንጂ ቢላ እምቢ አያሰኝም። የአንቺ ኬክ ችግር የዱቄቱ እጥፍ መሆን ነው። እሱን ሳታስተካክዪ ለከፍታው ብለሽ ብትነካኪ የቱ እንደበላሸው አይታወቅሽም።

ስለዚህ በተራ ነው። መጀመሪያ በትክክለኛው ግራም አንድ ጋግሪ፦ ዱቄት 360፣ ስኳር 400፣ ቅቤ 227፣ ወተት 240 ሚሊ፣ እንቁላል 200፣ ቤኪንግ ፓውደር 3 የሻይ ማንኪያ። ለስላሳ ሆኖ ግን መሃሉ ከሰመጠብሽ፣ እሱ የደሴ ከፍታ ነው። ያኔ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 2 ማንኪያ አውርጂው። ስኳሩን ወደ 350 ቀንሺ። ወተቱን በ3 የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ምድጃሽ ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጊና ከሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድመሽ እዪው። ዱቄቱን አትንኪው። ኮምቦልቻም ቆላ አይደለችምና እህትሽ አልፎ አልፎ መሃሉ ዝቅ የሚልባት ከሆነ ሩብ ያህል ቤኪንግ ፓውደር ትቀንስ። ግራሙ ግን ለሁለታችሁም አንድ ነው። 360 ግራም ዱቄት ሐረጎን ሲወጣም ሲወርድም 360 ነው።

ይሄ ሁሉ ለኬክ ብቻ አይደለም። የእናትሽን ድፎ መማር ፈልገሽ «በዓይንሽ ገምቺ» ተብለሽ ከሆነ፣ አታስቸግሪያት። የዱቄት ዕቃዋን እንዳለ ሚዛን ላይ አስቀምጪ። እንደለመደችው በእፍኟ ትዝቅ። ስትጨርስ ዕቃውን እንደገና መዝኚው፤ የጎደለው እሷ የተጠቀመችው ነው። ውሃውንም እንዲሁ፣ ከጆጉ ላይ። ለዳቦ ሊጥ ለ1 ኪሎ ዱቄት ከ600 እስከ 650 ግራም ውሃ የተለመደ ነው፤ የእናትሽ ከዚህ ከራቀ ቁጥሩን ሳይሆን እናትሽን እመኚ። እጇ ከዓመታት በኋላ ሚዛን ሆኗል፤ አንቺ የሚያስፈልግሽ ያንን በቁጥር መገልበጥ ብቻ ነው።

የኒካሁን ትእዛዝ በተመለከተ። ኬኩን በትልቅ መጋገሪያ የምትሠሪው ከሆነ ከፕ መደራረብ ትተሽ ግራሙን አባዢው። ክብ መጋገሪያ ከ20 ሴንቲ ወደ 25 ሴንቲ ሲያድግ፣ በተመሳሳይ ውፍረት የሚፈልገው ሊጥ አንድ ከግማሽ እጥፍ ትንሽ አለፍ ይላል። 25ን በ25 አባዢ፣ 20ን በ20 አባዢ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍዪ፦ 1.56 ይመጣል። እንግዲህ 360ው ዱቄት ወደ 560፣ 400ው ስኳር ወደ 625 ይሄዳል፤ ስኳሩን ለከፍታው ብለሽ ወደ 350 ካወረድሽው ደግሞ 545 አካባቢ። ቤኪንግ ፓውደሩን ግን እንዳለ አታባዢው። ትልቅ ኬክ መሃሉ ቀስ ብሎ ነው የሚበስል፤ ለ25ቱ በደሴ 3 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከትእዛዙ ቀን ቀደም ብለሽ በዚሁ መጋገሪያ አንድ ጊዜ ሞክሪው። መሃሉን በስንጥር ወጋ አድርጊው፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ እሳቱን ትንሽ ቀንሰሽ ቆይታውን አርዝሚው።